ልጅ ያቦካው ለራት ባይበቃም፦ ስለ ግቢ አስታራቂዎች የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ «ይሄን አንብበህ ካልተናደድክ አሞሃል ማለት ነው» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። አነበብኩት። አልተናደድኩም። እንዲያውም አንድ ሁለት ቦታ ላይ «ልክ ናቸው» አልኩ። በቀረው ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ጸሐፊው እዚሁ ጎንደር ለረጅም ዘመን አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሚቃወሙት ተማሪዎች ሠልጥነው፣ የተጣሉ ተማሪዎችን የሚያነጋግሩበትን የግቢ አገልግሎት ነው። ስድስት ምክንያት ይደረድራሉ። ሽምግልና የሽበት ሥራ ነው። ነገሩ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው። ወንጀል ይሸፍናል። አስታራቂው ለወገኑ ያደላል። የዲሲፕሊን ኮሚቴ እያለ የተማሪን ጊዜ ማባከን ነው። በመጨረሻም፣ ስምምነቱ የሚያስገድድ ኃይል የለውም።

እኔ ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ግቢ ለሁለት ዓመት አስታራቂ ነበርኩ። የግቢውን ስም ተዉት። ከታች የምናዘዘው ነገር ስላለ መጥራቱ ለማንም አይበጅም።

ሽምግልና የሽበት ሥራ ነው

መምህሩ የሚጀምሩት በተረት ነው፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም»። ጥሩ ተረት ነው። እናቴም ትለዋለች፣ በተለይ እኔ ማድ ቤት ስገባ። ግን እኛ ለራት አላቦካንም። የደም ነገር፣ የርስት ነገር፣ የጋብቻ ነገር ይዞ ወደ እኛ የመጣ የለም። ቢመጣም አንነካውም። የሀገር ሽማግሌ የገዳይና የሟችን ቤተሰብ አስቀምጦ ደም ሲያደርቅ፣ ከኋላው ያለው ዕድሜ ብቻ አይደለም። ዘመድ አለ። ካህን አለ። መሐላና ካሳ አለ። እንቢ ያለውን የሚያገል መንደር አለ። ዶርም ውስጥ ይሄ ሁሉ የለም። ከጅማ የመጣ ፍሬሽ ተማሪ ከደሴ ከመጣው ጋር ቢጣላ፣ የማንን መንደር ፈርቶ ይታረቃል?

እኛ የምንሠራው ሌላ ነገር ነው። እንዲያውም «ሽምግልና» ብለን መጥራታችን ራሱ ሳያሳስት አልቀረም። ሽማግሌ ይመክራል፣ ይገሥጻል፣ «ተው አንተ» ይላል፣ መጨረሻ ላይም ይበይናል። የግቢ አስታራቂ አይበይንም። ማን እንደበደለ አይናገርም። ሥራው ሁለቱ ሳይጯጯሁ እንዲነጋገሩ ማድረግ፣ የተባለውን ደግሞ ማሰማት፣ ካስፈለገ ለየብቻ ይዞ ማዋየት ነው። መፍትሔው ከራሳቸው አፍ ካልወጣ፣ አልወጣም። እኛም ወደ ዶርማችን እንሄዳለን።

የውሃውን ነገር ላውራችሁ። ጎንደር የኖረ ሰው የውሃ ነገር ይገባዋል። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ከተማው ደግሞ እየሰፋ፣ ጄሪካን የቤት ዕቃ ከሆነ ቆይቷል። እኛ ግቢም ውሃ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበር። አንድ ዶርም ውስጥ 6 ልጆች ይኖራሉ። ከስድስቱ ሌሊት የሚነሳው አንዱ ብቻ ነው። ይነሳል፣ ሁለት ጄሪካኑን ይሞላል፣ ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት ሲያየው አንደኛው ጎድሏል። ዛሬም፣ ነገም እንደዚያው። በሦስተኛው ሳምንት፣ ያውም በፈተና ቀን፣ ሁለቱም ባዶ ሆነው አገኛቸው። ውሃውን የጨረሰውን ልጅ ፍራሽ አንስቶ ኮሪደር ላይ ወረወረው።

እስከዚህ የውሃ ጠብ ነው። ማታ ላይ ግን ቃሏ ተቀየረች። «አንተ ውሃዬን ጨረስክ» የነበረው «እናንተ ድሮም» ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ተምሬ ከሆነ ይሄን ነው። የግቢ ጠብ የት እንደደረሰ በጩኸቱ አይታወቅም። ልጆቹ እየጮሁም «አንተ» እስከተባባሉ ድረስ ብዙ አያሰጋም። «እናንተ» ከመጣች ግን ጉዳዩ የሁለት ልጆች መሆኑ ያበቃል። ከሌላ ብሎክ ሰው ይጠራል። ስለ ውሃው ምንም የማያውቅ ልጅ ሸሚዙን ሰብስቦ ይመጣል።

ታዲያ ያቺን ቃል ቀድሞ የሚሰማት ማን ነው? ሽማግሌው ቤቱ ነው። ፕሮክተሩ፣ ማለትም የዶርም ተቆጣጣሪው፣ ታች በሩ ላይ ነው። የተማሪዎች ዲን ቢሮ ማታ ዝግ ነው። የሚሰማት ጎን ካለው አልጋ ላይ የተኛው ተማሪ ነው። እኛንም የጠራን እሱ ነበር፣ በነጠላ ጫማ እየሮጠ።

በማግስቱ ከራት በኋላ አንድ ባዶ ክላስ ውስጥ ተቀመጥን። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ውሃውን የጨረሰው ልጅ «እኛ ቤት ውሃ አይለመንም» አለ። ውሃህን ልጠቀም ብሎ ማስፈቀድ ለእሱ ጓደኛውን ስስታም ብሎ መስደብ ነው። ከልቡ ነበር። ቀጂው ደግሞ የውሃው ነገር ግድ እንደማይሰጠው ተናገረ። ያናደደው ስድስት ሰው ባለበት ክፍል «ሌሊት አልበረደህም?» ያለው አንድ ሰው አለመኖሩ ነው። ሽማግሌ ቢሆን «በሉ ተነሱ ተሳሳሙ፣ ውሃ ምን አላት» ብሎ በአምስት ደቂቃ ይጨርሰው ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። እኛ ዝም ብለን ጠበቅን። ዝም ማለት የሥልጠናው ከባዱ ክፍል ነው። በተራ የመነሳት ሐሳብ ከራሳቸው መጣ። ከደብተር በተቀደደ ግማሽ ገጽ ላይ ጻፉት። ሰኞ እገሌ፣ ማክሰኞ እገሌ እያለ ይወርዳል። ስድስቱም ፈረሙበት። የሎከር በር ላይ በፕላስተር ተለጠፈ።

ልጆቹ ጓደኛ አልሆኑም። ፍራሹም ዳግም አልተወረወረም።

ደግሞስ ባህላችን ነገር የሚሰጠው ለሽበት ብቻ ነው ያለው ማን ነው? የዕቁብ ዳኛ በዕድሜው አይመረጥም፤ ታምኖ ነው የሚመረጠው። ገበያ ውስጥ አባቶቹ የሚሆኑ ነጋዴዎችን ዕቁብ የሚሰበስብና ሲጨቃጨቁ የሚዳኝ ጎረምሳ ማግኘት ብርቅ አይደለም። መምህሩም ዕቁብ ከጣሉ አይተውት ይሆናል።

ከፈረንጅ የተቀዳ ነው

ይሄን ነጥብ ሳነብ ፈገግ አልኩ። ታሪኩ የተገላቢጦሽ ነውና።

እርግጥ ነው፣ የግቢ አስታራቂነት በተደራጀ መልክ የተስፋፋው አሜሪካ ውስጥ ነው። የማሳቹሴትስና የሃዋይ ዩኒቨርሲቲዎች በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ከጀመሩት መካከል ናቸው። ከእነሱ በፊት በ1976 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ቦርድስ የሚባል ድርጅት ተቋቁሞ ነበር። ዳኛ የለም፣ ጠበቃ የለም። ጎረቤት ጎረቤቱን ያስታርቃል። በኋላ ሐሳቡ ወደ ትምህርት ቤቶችም ገባ።

እነሱስ ሐሳቡን ከየት አመጡት? አንደኛው ምንጭ ላይቤሪያ ነው። ጄምስ ጊብስ የሚባል አሜሪካዊ የአንትሮፖሎጂ ምሁር ላይቤሪያ ሄዶ የክፔሌ ሕዝብ የቤተሰብና የጎረቤት ጠብ የሚፈታበትን ሸንጎ አጠና። ጥናቱ በ1963 ታተመ። ሸንጎው የሚቀመጠው ፍርድ ቤት ሳይሆን የከሳሹ ቤት ነው። ዘመድ ጎረቤቱ ይሰበሰባል። ሁሉም የሆዱን ይናገራል። ያጠፋው ይቅርታ ይጠይቃል። ትንሽ ስጦታ ይለዋወጣሉ። የተረታው መጠጥ ያመጣና አብረው ይጠጣሉ። የእኛ ሽማግሌዎች ይሄን ቢሰሙ «ታዲያ ምኑ ነው አዲሱ?» የሚሉ ይመስለኛል። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ ሪቻርድ ዳንዚግ የተባለ የሕግ ምሁር ይሄንኑ ጥናት ተንተርሶ የአሜሪካ ከተሞችም የሰፈር ሸንጎ ይኑራቸው ብሎ ጻፈ። የሰፈር አስታራቂነት እንቅስቃሴ አንዱ ሥሩ ይሄ ነው።

ስለዚህ መምህሩ «ከአፍሪካ ሽማግሌ ወስደው ቲሸርት አልብሰው መለሱልን» ቢሉ እስማማ ነበር። ቲሸርቱን በተመለከተ ደግሞ ጽሑፋቸው ውስጥ ያለው ምሬት ገብቶኛል። ሆቴል ውስጥ የሦስት ቀን ሥልጠና፣ አበል፣ ባነር፣ የቡድን ፎቶ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም የማያውቀው «የሰላም ክበብ»። አይቻለሁ። አንዱ ቲሸርት እኔም ጋ አለ፣ ለእግር ኳስ እለብሰዋለሁ።

ወንጀል ይሸፍናል

እዚህ ላይ መምህሩ ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸውን የማውቀው እኔው ራሴ ስላጠፋሁ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ተማሪ መጣች። የክፍሏ ልጅ ይከታተላታል። ላይብረሪ በር ላይ ይጠብቃታል። ስልኩን ስትዘጋበት በሌላ ሰው ስልክ ይደውላል። «ካላናገርሽኝ» ብሎ የሚጀምር መልእክት ይልካል። ያን ቀን የተገኘነው ሦስት ወንዶች ነበርን። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጥናቸው። እሱ አለቀሰ። «ይቅርታ» አለ። ሦስታችንም ዞረን እሷን አየናት። ማናችንም «ይቅር በይው» አላልናትም። ማለት አላስፈለገንም። ፈረመች። እኛም እርቅ አወረድን ብለን ደስ ብሎን ራት በላን።

በሁለተኛው ሴሚስተር ግቢ ውስጥ አላየኋትም። ዊዝድሮው ሞልታ፣ ትምህርቷን አቋርጣ ሄደች አሉኝ። ምክንያቷን አልጠየቅኩም። ለመጠየቅ ፊት ያለኝ አልመሰለኝም።

እርቅ የሚሆነው ሁለቱም «እንቢ» ማለት ሲችሉ ነው። እሷ እንቢ ማለት አትችልም ነበር። እሱን ትፈራለች። እኛን ደግሞ አፈረችን። ያስፈረምናት ፍርሃቷን ነው።

ከዚያ በኋላ ደንባችን ተቀየረ። አዲስ ጉዳይ ሲመጣ መጀመሪያ ሁለቱን ለየብቻ፣ በተለያየ ሰዓት እናነጋግራለን። ባለጉዳይዋ ሴት ከሆነች ሴት አስታራቂ ሳትኖር አንጀምርም። ትፈሪዋለሽ? እጁን አንስቶብሽ ያውቃል? ባትስማሚ ምን ይደርስብኛል ብለሽ ታስቢያለሽ? እነዚህን እንጠይቃለን። ትንኮሳ፣ ጾታዊ ጥቃት፣ ዛቻ፣ ስለት ያለበትን ነገር አንነካም። ከፈለገች ወደ ክሊኒክ፣ ወደ ሥርዓተ ጾታ ቢሮ፣ ወደ ፖሊስ አብረናት እንሄዳለን፤ ሥራችን እዚያ ያበቃል። ሕጉም መስመር አለው። እንደ ስድብ ያለው በግል አቤቱታ የሚታይ ነው፣ ባለቤቱ ይቅር ሊለው ይችላል። ከባድ ወንጀል ግን ዐቃቤ ሕግ አለው። ሦስት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ክላስ ውስጥ ተቀምጠው የሚዘጉት ፋይል አይደለም።

መምህሩ ግን ከዚህ ተነስተው «ይዘጋ» ይላሉ። እዚህ ላይ እንለያያለን። ጥቃትን በእርቅ መሸፈን ተማሪ የፈጠረው ነገር አይደለም። ጠላፊን ከተጠላፊዋ አባት ጋር ሲያስታርቁ የኖሩት ሽበት ያላቸው፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ልጅቷን ማን ጠየቃት? ችግሩ የአስታራቂው ዕድሜ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር። ችግሩ «ተዉት፣ ይለፍ» የሚለው ልማዳችን ነው፤ ሽማግሌውም እኛም ከአንድ ቤት ነው የተማርነው። የእኛ ልዩነት በግልጽ የተጻፈ «አንነካም» የሚል ዝርዝር ሊኖረን መቻሉ ነው። ዝርዝሩ የሌለው የግቢ አገልግሎት ካለ፣ መምህሩ «ዝጉት» ሲሉ እኔም አብሬ እፈርማለሁ።

ለወገኑ ያደላል

አንድ ጊዜ አንድ ልጅ አየኝና «አንተ የጎንደር ልጅ ነህ፣ አንተ ፊት አልቀመጥም» አለኝ። ደሜ ፈላ። ምን አድርጌው? ግን ደንቡ ደንብ ነው። ማንኛውም ባለጉዳይ አስታራቂውን ያለ ምክንያት መመለስ ይችላል። ተነስቼ ወጣሁ፣ ሌላ ሰው ገባ። በኋላ ሳስበው ልጁ እውነቱን ነው። እኔ በእሱ ከተማ ብሆን ኖሮ እንደዚያው እል ነበር።

አድልዎ የለም አልልም። ሰው ነን። ግን አድልዎ የሚጎዳው ሥልጣን ሲኖር ነው። እኛ ቅጣት አንወስንም፣ ውጤት አንቀንስም፣ ዶርም አንቀይርም። ብናደላ የምናገኘው ነገር ቢኖር አለመታመን ነው፤ በማግስቱ የሚመጣ ሰው አይኖርም። ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት ሆነን፣ ከተለያየ አካባቢ ተውጣጥተን ነው የምንቀመጠው። አንዱ ሲንሸራተት ሌላው ጠረጴዛ ሥር እግሩን ይረግጠዋል። (ይሄ በሥልጠናው ላይ የለም፤ የእኛ ፈጠራ ነው።)

ይልቅ መምህሩ ያላነሱትን ላንሳ። ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከእግር ኳስ ጨዋታ በኋላ በተነሳ ግጭት ተማሪዎች ሞቱ። ነገሩ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተዛመተ። ስንቱ ተማሪ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያኔ የሀገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች በየግቢው እየገቡ ተማሪዎችን ለመኑ። ይሄን ማንም አይክድም፣ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን መቼ ነው የመጡት? ከሞት በኋላ። የመጡት ስላረፈዱ አይደለም፤ ሲጠሩ ነው የመጡት፣ ደግሞ ሽማግሌ የሚጠራው ነገር ሲከፋ ነው። «ጎል ነው፣ አይደለም» የሚባባሉ ሁለት ልጆችን ለማነጋገር ሽማግሌ የሚጠራ ሰው የለም።

ጎንደር ይሄ የገባት ከተማ ናት። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባለው ነገር ሲጀመር፣ ከሩቅ የመጣን ተማሪ ከከተማው ቤተሰብ ጋር አገናኘው። ልጁ በዓል ሲደርስ የሚሄድበት ቤት፣ «እማዬ» የሚላት ሰው አገኘ። እኔ ካየኋቸው ሐሳቦች ሁሉ ይሄን እወደዋለሁ። እሱም ቢሆን ግን የዶርም ሥራ አይሠራም። ቤተሰቡ ለጥምቀት ይጠራዋል እንጂ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አብሮት ውሃ አይቀዳም።

ኮሚቴ አለ፣ ጊዜ ማባከን ነው

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጥያቄው «ማን አጠፋ?» ነው። መስረቅ፣ መደባደብ፣ ፈተና መኮረጅ ሲኖር ጥያቄው ልክ ነው። ሁለት ዶርም ሜቶች መብራት ስንት ሰዓት ይጥፋ ብለው ሲጣሉ ግን ያጠፋ የለም። ኮሚቴው ፊት ለመቅረብ ነገሩ መጀመሪያ መክፋት አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን የሚሠራ ኮሚቴ አላየሁም።

ጊዜ ይበላል ላሉት፣ ይበላል። አንድ ኮርስ ላይ ያመጣሁትን ውጤት እዚህ አልጽፈውም፣ እናቴ ልታነበው ትችላለች።

የሚያስገድድ ኃይል የለውም

ይሄ የሕግ ክርክር ይመስላል፣ ግን አይደለም። ሕጉማ እርቅን ያውቀዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 3318 ጀምሮ ስለ አስታራቂ ይናገር ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 ወጥቷል። ይሁን እንጂ የእኛ ወረቀቶች ፍርድ ቤት እንዲደርሱ ተብለው የተጻፉ አይደሉም። «ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ስልክ በኢርፎን» የሚልን ስምምነት የትኛው ችሎት ያስፈጽመዋል? ልጁ የሚያከብረው ራሱ ስላለው ነው። ካላከበረው እንደገና እንቀመጣለን። ሦስት ጊዜ የተቀመጥንበት ጉዳይ አለ። ጨርሶ ያልተሳካልንና ሁለቱ ልጆች ዶርም የቀየሩበትም አለ። ዶርም መቀየርም መፍትሔ ነው፣ ከራሳቸው ነው የመጣው።

የውሃዎቹ ልጆች ወረቀት ግን ቆየ። ጂሲ (ተመራቂ) ሆነው ዶርም ሲያስረክቡ ከፕሮክተሩ ጋር አብሬ ገባሁ። ፍራሾቹ ተጠቅልለዋል፣ ሎከሮቹ ባዶ ናቸው። ወረቀቱ የሎከሩ በር ላይ ነው፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስድስት ስም። ከሥሩ አንዱ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈባት አለች፤ መቼ እንደጻፋት አላውቅም።

«እሑድስ የማን ነው?»